የአፍሪካ ሂፕ ሆፕ ለውጥ አምጥቷል ወይስ ለውጥን አጅቧል?

የሄርማታ ልጅ (ጠያቂ)፦
እዚህ ጅማ በሰፈራችን ያሉ ወጣቶች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ራፕ ይጽፋሉ፤ ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ጫትና ስለ ቡና ዋጋ የጻፏቸው ግጥሞች ከጠበቅሁት በላይ የበሰሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ዝግጅት እናሰናዳ ስንል የሰፈሩ አባቶች «ይህ የፈረንጅ ጩኸት ለአገር ምን ይፈይዳል?» ይሉናል፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሂፕ ሆፕ ከሙዚቃነት አልፎ ለውጥ ያስከተለበትን ሁኔታ የምታውቁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መምህር ዘጅማ፦
ቀድሞ የሚጠቀሰው ሴኔጋል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ የመብራት መጥፋት ያስመረራቸው የካውላክ ከተማ ራፐሮች፣ ቲያትና ኪሊፈ፣ ከጋዜጠኛው ፋዴል ባሮና ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር «ያናማር» የተባለውን ንቅናቄ መሠረቱ። በዚያው ዓመት ጁን 23፣ ፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድ በመጀመሪያው ዙር ለማሸነፍ ሩብ ድምፅ ብቻ እንዲበቃ የሚያደርግ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለምክር ቤት ባቀረቡበት ዕለት፣ ዳካር ላይ ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ ከፊት ከተሰለፉት መካከል እነርሱ ነበሩ፤ ረቂቁም በዚያው ቀን ተነሣ። እኔን ከሰልፉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ማንም የማያጨበጭብለት ሥራቸው ነው፦ ወጣቱ የመራጭነት ካርድ እንዲያወጣ በየሰፈሩ እየዞሩ ቀሰቀሱ። ዋድ በማርች 2012 በተካሄደው ሁለተኛ ዙር ምርጫ በማኪ ሳል ተሸነፉ። ስለዚህ አባቶች ሲጠይቁ ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለ ምዝገባው ቢነገራቸው ይሻላል እላለሁ።

ተጠራጣሪው፦
የመምህር መልስ ጥሩ ሆኖ ሳለ የራፐሮቹ ድርሻ ከልክ በላይ እንዳይጎላ እሰጋለሁ። በቱኒዝያ ኤል ጄኔራል የተባለው ራፐር ፕሬዚዳንት ቤን አሊን የሚወቅስ ዘፈን እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ በፌስቡክ ለቀቀ፤ በጃንዋሪ 2011 ታስሮ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተፈታ፤ ቤን አሊም በዚያው ወር 14 ቀን አገር ጥለው ሄዱ። ሆኖም እሳቱ የተነሣው በሲዲ ቡዚድ ራሱን ካቃጠለው የጎዳና ነጋዴ እንጂ ከዘፈኑ አልነበረም። በቡርኪና ፋሶ ደግሞ ራፐሩ ስሞኪና የሬጌ ድምፃዊው ሳምስክ ለ ጃ በ2013 የመሠረቱት ንቅናቄ፣ 27 ዓመት የገዙት ብሌዝ ኮምፓኦሬ በኦክቶበር 2014 ከሥልጣን በወረዱበት ሕዝባዊ አመፅ ግንባር ቀደም ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት የስሞኪ ስቱዲዮ በሮኬት ተመታ፤ በ2022 ወታደሮች ሁለት ጊዜ ሥልጣን ያዙ። ገዢን ማውረድና ሥርዓትን ማነፅ ለየቅል ናቸው።

አባ ቡና፦
ወንድሜ፣ «የፈረንጅ ጩኸት» ለሚሉት አባቶች የኦሮሞውን ባህላዊ ዜማ ጌረርሳን አስታውሳቸው፤ ጀግንነትንም በደልንም በዜማና በፈጣን ንግግር መደርደር ለእነርሱ እንግዳ አይደለም። በታንዛንያም በስዋሂሊ የሚራፐው ሱጉ እ.ኤ.አ. በ2010 የምቤያ ከተማ የፓርላማ ተመራጭ ሆኗል፤ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው የሚነገራቸውን ይሰማሉ። መድረኩን አንድ አዛውንት በጌረርሳ ይክፈቱት፤ ወጣቶቹ ይከተሉ። ጊዜውንም ከቡና ለቀማ በኋላ ብታደርጉት የገጠሩም ሰው ይደርስበታል።