ነፍሰ ጡር ናት፣ ሜታዶን ትወስዳለች፤ ታቁመው?

ጥያቄ
ሰላም ለዚህ ቤት። ሜሪላንድ ያለች ዘመዴ ለሄሮይንና መሰል ዕፆች ሱስ የሚሰጠውን ሜታዶን የምትወስድ የክሊኒክ ታካሚ ናት፤ አሁን የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ቤተሰብ «ለልጁ ስትል ታቁመው፣ ጸበል ትግባ» ይላል። ምን ትላላችሁ?

ነርስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
እንዳታቆም። በእርግዝና ጊዜ ሜታዶን ወይም ለዚያው ሱስ የሚሰጠውን ሌላ መድኃኒት፣ ቡፕረኖርፊንን፣ መቀጠል እዚህ አገር መደበኛው ሕክምና ነው። ካቆሙት ብዙዎቹ ወደ ዕፁ ይመለሳሉ፤ ያኔ ሰውነታቸው የድሮውን መጠን አይችልም፣ ጎዳና ላይ የሚሸጠው ክኒን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፈንታኒል የሚባል እጅግ ኃይለኛ ዕፅ አለበት። ቤተሰብ ሜታዶኑን ይፈራል፤ የሚያስፈራው ግን ይሄ ነው።

ወደ ቡፕረኖርፊን መቀየርም አያስፈልጋትም። በ2010 የወጣ ጥናት ቡፕረኖርፊን የወሰዱ እናቶች ሕፃናት ሆስፒታል የቆዩት በአማካይ 10 ቀን፣ የሜታዶኖቹ 17 ቀን ተኩል መሆኑን አሳይቷል፤ ገና ለምትጀምር ሴት ጥሩ ምርጫ ነው። በዚያው ጥናት ግን ቡፕረኖርፊኑን ትተው የወጡት ይበዛሉ። ሜታዶን የተስማማት ሴት ደግሞ ሰውነቷ ውስጥ እያለ ቡፕረኖርፊን ብትወስድ ያንን ከቦታው ገፍቶ ዕፅ ሲቋረጥ የሚመጣውን ዓይነት ድንገተኛ ሕመም ያስነሳባታል።

ፋርማሲስት፣ አሌክሳንድሪያ
ሆዷ ሲገፋ መጠኑ ሊጨመር ይችላል። ሱሱ ባሰባት ማለት አይደለም፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ሰውነት ሜታዶንን ቶሎ ያስወግደዋል። ሌሊት ላብ፣ ማዛጋት፣ የእግር መቁነጥነጥ ከመጣ መድኃኒቱ 24 ሰዓት አልዘለቀም። ብዙ ጊዜ መፍትሔው የቀኑን መጠን ጠዋትና ማታ ማካፈል ነው፤ ግን ክሊኒኩ ይዘዘው እንጂ ራሷ አትክፈል። የ2024ቱ የፌዴራል ደንብ ከ31ኛው የሕክምና ቀን ጀምሮ እስከ 28 ቀን የሚሆን መድኃኒት ወደ ቤት እንዲሰጥ ይፈቅዳል፣ ክሊኒኩ ግን ሊያሳንሰው ይችላል። የሚቆለፍ ሣጥን ግድ ነው፤ የእሷን የአንድ ቀን መጠን ቤት ውስጥ ያለ ሕፃን ቢጠጣው ሊገድለው ይችላል።

የሚያስመልሳት ከሆነ ከጠጣች በኋላ እዚያው ክሊኒክ ግማሽ ሰዓት ትቀመጥ። ብዙ ክሊኒኮች ነርስ እያየች በ15 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሳት ሙሉውን፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ከሆነ ግማሹን ይተካሉ፤ ከዚያ በኋላ ምንም። ማስመለስን ለማስቆም የሚታዘዘው ኦንዳንሴትሮን ከሜታዶን ጋር የልብ ምት ሊያዛባ ስለሚችል አዛዡ ሐኪም ይወቅ።

ጥያቄ
ጸበሉስ? ሰው እንዳይሰማስ?

ነርስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ጸበሉ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም፤ «አቁመሽ ግቢ» የሚላት ሰው ነው የሚጎዳት። ገዳም ለመሰንበት ካሰበች የቤት መጠን አስቀድማ ትጠይቅ፤ ጥቂት ቀን ከዘለለች ክሊኒኩ ቀንሶ ሊጀምራት ይችላል።

ስለ ምስጢሩ፦ የሱስ ሕክምና መዝገብ በፌዴራል ሕግ የተለየ ጥበቃ አለው። ባሏ ቢደውል እንኳ ያለ ፊርማዋ «ታካሚያችን ናት» አይሉትም። አስተርጓሚ በነፃ ይቀርብላታል፤ የሚያውቃት ሰው እንዳይገጥማት በስልክ ይሁንልኝ ትበል። ወረቀት ባይኖራትም ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ እርግዝናዋንና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ያለውን በሜዲኬይድ፣ ማለትም በመንግሥት የጤና መድን፣ ይሸፍናል።

አዋላጅ፣ ባልቲሞር
በምጥ ቀንም ሜታዶኗን እንደወትሮው ትወስዳለች። እሱ ግን የምጥን ሕመም አያስታግስም፤ ኤፒዱራል የሚባለው የጀርባ ማደንዘዣ ይሰጣት። ናልቡፊንና ቡቶርፋኖል የተባሉት የሕመም ማስታገሻ መርፌዎች አይነኳት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያንኑ ድንገተኛ ሕመም ያስነሳሉ። ፋይሏ ላይ አለርጂ በሚጻፍበት ቦታ አስጽፉት፤ የሌሊት ተረኛ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ሲወለድ ከእናቱ ያገኘው የነበረው መድኃኒት ስለሚቋረጥበት ሕፃኑ ላይ መንቀጥቀጥ፣ የማያባራ ለቅሶና አልጠባም ማለት ብዙውን ጊዜ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይታያል፤ ለዚህ ነው ከ4 እስከ 7 ቀን የሚያቆዩት። ይታከማል። መጀመሪያ ማቀፍ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና ጡት ነው፣ ካልበቃ ሞርፊን በጠብታ። የእናት መጠን ከፍ ማለቱ የልጁን ምልክት አያባብሰውም፤ ለልጁ ብላ ብትቀንስ ራሷን ብቻ ነው የምትጎዳው። ሌላ ዕፅ ካልወሰደች ማጥባት ይመከራል።

ሆስፒታሉ ለሕፃናት ደህንነት መሥሪያ ቤት ሊያሳውቅ ይችላል። ከመውለዷ በፊት ከሶሻል ወርከር ጋር «ፕላን ኦፍ ሴፍ ኬር» የሚባለውን የእናትና የልጅ እንክብካቤ ዕቅድ ታዘጋጅ፣ የክሊኒኩን ደብዳቤም ትያዝ።

ከወለደች በኋላ ያው መጠን ሊበዛባት ይችላል። ቀን ቀን እንቅልፍ ካንጎላጃት ክሊኒኩ በዚያው ሳምንት መጠኑን ይይላት። መጠን ያለፈበትን ሰው የሚያነቃው የ4 ሚሊግራም የናሎክሶን የአፍንጫ ርጭት ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ አራስ ጠያቂዋ እናቷም ባሏም የት እንደተቀመጠ ይወቁ።