የሸዋ በሩን ሐላዋ ሠሪ የምታስታውሱ አላችሁ?

የሐላዋው ልጅ፦

ሰላም ጀመዓ። በተለይ የምጠይቀው የሐረርና የድሬ ልጆችን ነው።

አባቴ ሐረር ሸዋ በር አጠገብ ሐላዋ ይሠራ ነበር። ረመዳን ሊገባ ሲል አላህ ወሰደው። ሱቁ ስም አልነበረውም፤ ታፔላም አልሰቀለም። ሰማያዊ የእንጨት መስኮት ያለው፣ የሄል ሽታው አስፋልቱ ድረስ የሚወጣው ቤት ነው። የገዛበት ሰው ያውቀዋል።

የመጣሁበት ጉዳይ ይሄ ነው። ከረመዳን በኋላ ሐረር ላይ ለሚከበረው ሻዋል ዒድ እኔና ወንድሞቼ ልክ እሱ እንደሚሠራው ሐላዋ ሠርተን ለጎረቤትና በዓሉ ወደሚከበርበት አው አቅበራ ለሚወጣው ሰው ልናድል ተነጋግረናል። በዓሉ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሲመዘገብ አባቴ ደስታውን አልቻለውም ነበር፤ ያን ቀን የመጣውን ሁሉ በነፃ ነው ያበላው። ችግሩ መጠኑ የትም አልተጻፈም። ስታርቹን በጣሳ፣ ሄሉን በመዳፉ፣ ዘይቱን በዓይኑ ነበር የሚለካው።

ሐላዋ እሳት ላይ ከወጣ መማሰል አይቋረጥም። ትንሽ ከቆመ ከሥር ይይዝና ድስቱ በሙሉ እርር እርር ይላል። ስለዚህ አባቴ ምሳውን የሚበላው ቆሞ ነው። ሁለት እጁ ማማሰያው ላይ ነው፤ እናቴ ሰሃን ይዛ ከጎኑ ቆማ ታጎርሰዋለች። የተኳረፉ ቀን እንኳ አይቀርም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ጉርሻውን ትዘረጋለታለች፤ እሱም አንገቱን አስግጎ ይቀበላታል። ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ወሬ ይጀመራል።

እኛ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እሱ ነበር የምንሄደው። ደብተራችንን ስኳር ጆንያው ላይ ዘርግተን እንሠራለን። የማባዛት ሰንጠረዥ ጮክ ብለን እንድንል ያደርግና በዚያው ምት ያማስላል። ሰባት ላይ ስንደናቀፍ ማማሰያውም ይዘገያል። ትሪው ሲቆረጥ ጠርዝ ጠርዙ የኛ ነው። የመጀመሪያው ቁራጭ ግን የአያቴ። እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ ከእሷ በፊት ሚዛን ላይ የወጣ ሐላዋ የለም።

ስኳር የጠፋ ጊዜ ስንቱ መከረው! «ስታርች ጨምርበት፣ ማን ያውቃል?» ይሉታል። «እኔ አውቃለሁ» አለና ሱቁን ዘጋ። ስኳር እስኪገኝ የሰው ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ከረመ።

እናም አብሮት የሠራ ወይም ሙያውን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። መድረሱ በምን ይለያል? ሎሚው መቼ ነው የሚገባው? ከእጁ የበላችሁም ትዝታችሁን ጻፉልኝ። ለልጆቼ አነብላቸዋለሁ። ትንሿ ገና ሳትጠግበው ነው የሄደው።

የከዚራ ልጅ፦

አላህ ይርሐመው አቦ። ጀነተል ፊርደውስ ይወፍቀው። አሁን ነው መሞቱን የሰማሁት።

አባቴ ሐረር ድሬ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ከአባትሽ ሳይገዛ አይመለስም። የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬ ሲገባ ግን በሙቀቱ ሐላዋው ይላላል፤ ዘይቱ ጋዜጣውን አልፎ ወንበር ያበላሻል። ይሄን ለአባትሽ ነገረው። ከዚያ ወዲያ አባትሽ ትሪው ላይ ሲያፈስ የአባቴን ድርሻ ድስቱ ውስጥ ያስቀርና ትንሽ ጨምሮ ያማስለዋል። ጠንከር ይላል። ለአንድ ደንበኛ ብሎ!

እኔንም አንዴ አብሬ ሄጄ አይቶኛል። ሚዛኑ ሞልቶ ሳለ አንድ ቁራጭ ምራቂ ጨመረና «ይሄ የመንገድ ነው» አለኝ። ደንገጎ ሳንደርስ አልቋል።

እናት ሐረር፦

እግዜር ያጽናሽ እህቴ። አሁን አዲስ አበባ ነው ያለሁት፤ ያደግኩት ግን ሐረር ነው።

ለሠርጌ እናቴ አባትሽ ጋ ሐላዋ አዝዛ ቀብድ ከፍላ ነበር። ሠርጉ ሊደርስ አባቴ በድንገት አረፈ። በዚያ ሐዘን ላይ ቀብዱን ማን ያስታውሰዋል? አባትሽ ግን ለቅሶ ቤት መጥተው ከሰው ጋር ተቀመጡ፤ ሲነሱ ገንዘቡን እናቴ እጅ ላይ አደረጉት። ስኳሩን ገዝተው እንደነበር በኋላ ነው የሰማነው። ሠርጉ በዓመቱ ሲሆን ስኳር በጣም ተወዶ ነበር። በድሮው ዋጋ ሠሩልን። እናቴ ልትጨምርላቸው ብትለምን ብትለምን እምቢ አሉ።

ለኛ ለጿሚዎቹ ደግሞ ቅቤ ያልነካው ለብቻው የተቀመጠ ድስት ነበራቸው። ይሄንን ለልጆችሽ ንገሪልኝ።

ማማሰያ ያዡ፦

ወላሂ ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጅ ሆኜ አባትሽ ጋ ሠርቻለሁ፤ ሙያ ያስተማረኝ እሱ ነው። አንቺ ያኔ ጆንያው ላይ ትተኚ ነበር።

ስሚኝ። 1 ጣሳ ስታርች ለ4 ጣሳ ስኳር ነው፤ ዘይቱ አንድ ጣሳ አይሞላም። ስታርቹን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪና አጥልይው። በሙቅ ከሆነ ይጓጉላል፤ ከተጓጎለ አይመለስም። ስኳሩ ለብቻው ይፍላ። ሎሚው የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሐላዋው ሲበርድ ስኳሩ አሸዋ እንዳይሆን ነው ጥቅሙ። ከዚያ ስታርቹን ቀስ እያልሽ አፍስሺ፤ ከዚህ በኋላ እጅ አያርፍም።

ዘይቱን አንዴ እንዳትገለብጪው። በጭልፋ ጨምሪ፣ እስኪጠጣው አማስይ፣ ደግሞ ጨምሪ። መድረሱን የሚነግርሽ ዘይቱ ነው። ሲጠጣ ቆይቶ መልሶ መትፋት ይጀምራል፤ ድስቱንም ይለቃል። ያኔ ትንሽ ቆንጥረሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጊና በሁለት ጣትሽ እሺው። ጣት ላይ ካልቀረ ደርሷል። ሄሉ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። የባቢሌ ለውዝ ደግሞ ተቆልቶ፣ ሊወርድ ሲል።

አባትሽ ሲያስተምር አይጮህም። ሳጠፋ ማማሰያውን ከእጄ ይቀበልና «እየው» ይላል፤ በቃ። የመጀመሪያ ድስቴ ሲያርብኝ የቀን ሒሳቤን ሳይቀንስ ነው የሰጠኝ።

የሐላዋው ልጅ፦

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለእናቴ አነበብኩላት። የለቅሶ ቤቱን ነገር እሷም አታውቅም ነበር። ደጋግማ አስነበበችኝ።

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ገውዝ ሲፈቀፍቅ አየው ነበር። አንተ አላነሳኸውም።

ማማሰያ ያዡ፦

ገውዝ ለሠርግ ነው። ለዒድ ሄል ይበቃል ይል ነበር። ትልቁ ድስት ካለ እንዳትሸጡት። ጭሮ ከተማ ነው ያለሁት፤ ለዒዱ እመጣለሁ። ሳልደርስ ስታርቹን እንዳትበጠብጡት።