የሕዋስ ክፍፍል ስሕተት በእናት ጥፋት ይመጣል?

ጠያቂ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ታላቅ እህቴ በ40 ዓመቷ የወለደቻት ልጅ ዳውን ሲንድሮም እንዳለባት ተነግሮናል። የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤቶች ግን ቡና በተፈላ ቁጥር፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ሳለች ጀሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ መውጣቷን፣ ሌላዋ መደንገጧን እያነሡ ጥፋተኛ አድርገዋታል። ሐኪሙ «የሕዋስ ክፍፍል ስሕተት ነው» ብሎ አለፈ። ስሕተቱ የሚፈጠረው መቼ ነው? ካንሰርም ከዚሁ ይመጣል ይባላልና፣ ለልጅቱ ያንንም እንስጋ?

የባዮሎጂ መምህር (ኮተቤ)፦
እህትዎ ጀሪካኑን ባነሡ ጊዜ ነገሩ አልቆ ነበር። በሰው ሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዙ 46 ክሮሞዞሞች ሲኖሩ፣ እንቁላልና የወንድ ዘር ግን ሚዮሲስ በሚባለው ክፍፍል ግማሹን፣ ማለትም 23 ብቻ ይይዛሉ። ሴት ልጅ እንቁላሎቿ ይህን ክፍፍል የሚጀምሩት እርሷ ራሷ በእናቷ ማሕፀን ሳለች ነው፤ ጀምረው ያቆሙትንም የሚቀጥሉት እያንዳንዱ እንቁላል ለመውጣት ሲደርስ፣ ምናልባትም ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ክሮሞዞሞቹን አያይዞ የሚያቆየው ፕሮቲን እየላላ ስለሚሄድ፣ ሁለቱ 21ኛ ክሮሞዞሞች መለያየት ሲገባቸው አብረው ወደ አንድ ወገን ሊሄዱ ይችላሉ። እንቁላሉ ሁለቱንም ይዞ ከወንድ ዘር ጋር ሲገናኝ ፅንሱ ሦስት 21ኛ ክሮሞዞሞች፣ በጠቅላላው 47 ይኖሩታል። በፓሪስ እነ ዤሮም ሌዤን በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ትርፍ ክሮሞዞም ይኸው ነው። በአባት በኩል የሚመጣበትም ጊዜ አለ፤ ቡና ላይ አይነሣም እንጂ።

ከካንሰር ጋር የሚያያዘው ስሕተት ግን በአብዛኛው በሌላኛው ክፍፍል፣ የሰውነት ሕዋሳት በሚራቡበት በሚቶሲስ የሚደርሰው ነው። ክሮሞዞሞች በትክክል ሳይሰለፉ ሕዋሱ እንዳይከፈል የሚያግደው ቁጥጥር ሲበላሽ፣ ቁጥራቸው የተዛባ ሕዋሳት ይራባሉ። ይህ ግን ከአንድ ሕዋስ የሚጀምር እንጂ እንደ ሕፃኗ ከፅንስ ጀምሮ በመላው አካል የሚገኝ አይደለም።

ነርስ (ለቡ)፦
መምህሩ ያሉት ትክክል ነው፤ ሆኖም ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሕፃናት በደም ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ሕፃናት ከፍ ይላል፤ አብዛኞቹ ግን አይያዙም። ይልቅ የሚያስቸኩለው ልብ ነው፤ ግማሽ የሚሆኑት የልብ አፈጣጠር ችግር ይዘው ስለሚወለዱ፣ ደኅና የምትመስል ብትሆንም የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋታል። የክሮሞዞም ምርመራውንም ውጤት ይዩት። 47 ካለ መምህሩ የገለጹት ዓይነት ነው፤ 46 ሆኖ አንዱ 21ኛ ክሮሞዞም ከሌላ ጋር ተጣብቆ ከተገኘ ግን ከወላጅ ሊወረስ ስለሚችል አባትና እናትም ይመረመራሉ።

ጠያቂ፦
ወረቀቱ 47 ይላል። ልቧን ግን ማንም አላየላትም፤ ሰኞ ጠዋት እንወስዳታለን።