የዋይፋይ በር ቁልፌ ከሆም አሲስታንት ጋር ሲገናኝ ወዲያው ይጠፋል፤ ምን ላድርግ?

የልደታዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ስለሚያማት ቁልፍ ማዞር ይከብዳታል። ስለዚህ አንድ ዘመዳችን ከዱባይ ሲመጣ በአሻራ፣ በምስጢር ቁጥር፣ በካርድና በስልክ የሚከፈት የበር ቁልፍ ይዞልን መጣ። ተገጥሟል፤ በሩ ላይ ያለው ሥራ በሙሉ ደህና ነው።

የቤታችንን መብራቶችና የውሃ ማጠራቀሚያውን ፓምፕ ራስፕበሪ ፓይ 4 በሚባል ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ በጫንኩት ሆም አሲስታንት በተባለ የቤት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው የምቆጣጠረው። ቁልፉንም እዚያው ላስገባው ሞከርኩ። ስሙ ይመጣል፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ግን «አይገኝም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሰው አሻራውን ሲነካ ለጥቂት ሰከንድ ይመለሳል፤ ከዚያ እንደገና ይጠፋል። ራውተሩ ከበሩ አራት ሜትር ቢርቅ ነው፤ ስለዚህ ርቀት ነው ለማለት አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሳለ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። አሻራዋ አልነበብ አላት፤ በጨለማው ደንግጣ ቁጥሩንም ረሳችው። ከሥራ ቦታዬ ሆኜ በስልኬ ልከፍትላት ብሞክር ምንም መልስ የለም። አርባ ደቂቃ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ይህ እንዲደገም አልፈልግም። ራውተር ልቀይር? የዋይፋይ ማጠናከሪያ ልግዛ? ወይስ ቁልፉ ራሱ ብልሽት አለበት?

የገርጂው ቴክኒሽያን

እህቴ፣ ለራውተርም ለማጠናከሪያም ገንዘብ አታውጪ። ቁልፉ አልተበላሸም፤ ተኝቶ ነው። ዋይፋይ ብዙ ኃይል ይበላል። በአራት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቁልፍ ሌት ተቀን ከራውተር ጋር ተገናኝቶ ልቆይ ቢል ድንጋዮቹ ቶሎ ያልቃሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ የዋይፋይ ቁልፎች ሬዲዮአቸውን አጥፍተው ይተኛሉ፤ የሚነቁት ሰው ሲነካቸው ብቻ ነው። ከሩቅ «ክፈት» ብትዪው የሚሰማሽ የለም።

ለማረጋገጥ አንድ ሰው ከበሩ ፊት ይቁምና የቁጥር ሰሌዳውን ይንካ፤ አንቺ በዚያው ቅጽበት ስልክሽ ላይ መክፈቻውን ተጫኚ። ከተከፈተ ነገሩ ያልኩሽ ነው። እንዲህ ባሉ ቁልፎች ከሩቅ መክፈት የሚቻለው በር ላይ ያለው ሰው መጀመሪያ ደወሉን ሲጫን፣ ጥያቄው ስልክሽ ላይ ሲደርስና በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ስትፈቅጂ ነው። ይህ ግን በኢንተርኔት በኩል አምራቹ ሰርቨር ደርሶ የሚመለስ መንገድ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል፤ መንገዱ ይቆረጣል። የእናትሽ ችግር የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ ብሆን በዚያው መጠን የተሠራ የዚግቢ ቁልፍ እፈልጋለሁ። ዚግቢ ለባትሪ ዕቃዎች ተብሎ የተሠራ ሬዲዮ ነው፤ ኃይል ቆጣቢ ከመሆኑም በላይ ትእዛዙ ከቤትሽ አይወጣም፤ ከፓይ ወደ ዶንግል (ፓይ ላይ የሚሰካ ትንሽ የዚግቢ ሬዲዮ)፣ ከዶንግል ወደ ቁልፍ ነው። ነገር ግን ካርቶኑ ላይ «ዚግቢ» ተብሎ መጻፉ ብቻ አይበቃም። ከአምራቹ የራሱ ማገናኛ በቀር ከሌላ ጋር የማይነጋገሩ አሉ። ከመግዛትሽ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ዚግቢ ቱ ኤምኪውቲቲ (የዚግቢ ዕቃዎችን ከሆም አሲስታንት ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) በሚያወጣው የሚደገፉ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ፈልጊው። ካልተገኘ ተዪው።

ከሜሪላንድ

እኔ ዚ-ዌቭ በሚባል ሌላ ሬዲዮ የሚሠራ ቁልፍ ነው የምጠቀመው፤ ለዓመታት አላስቸገረኝም። ክረምት ላይ ወደ አዲስ አበባ ስለምመጣ ከፈለግሽ አንድ ይዤልሽ ልምጣ።

ቁልፍ ሠሪው

ልጄ፣ ስጦታውን ከመቀበልሽ በፊት በርሽን አስቢ። የአሜሪካ ቁልፍ በሩ ላይ 54 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ይፈልጋል። የእኛ የኮንዶሚኒየም በር ግን ቁልፉ በበሩ ጠርዝ ውስጥ የሚቀበር፣ ሲሊንደር ያለው ነው። የላሜራ በር ደግሞ አንዴ በሰፊው ከተቀደደ መመለሻ የለውም። ስንቱን ተበላሽቶ ከመጣ በኋላ በብየዳ እንደደፈንኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለተኛ ነገር ልንገርሽ። ሰው ሁሉ ስለ ሞባይሉ ያወራል፤ ሞተሩ የሚደክመው ግን በበሩ ምክንያት ነው። ማጠፊያው ረግቦ በሩ ሁለት ሚሊሜትር ከወረደ መቀርቀሪያው የክፈፉን ብረት እየፈተገ ነው የሚገባው። የእንጨት በር ከሆነ ክረምት ላይ ያብጣል። በሩን ከፍተሽ ቁልፉን አሠሪው፤ ከዚያ ዘግተሽ አሠሪው። ድምፁ ከተለየ፣ ሲዘጋ ካቃሰተ፣ መጀመሪያ በሩን አስተካክዪ። ይህን ሳታደርጊ የትኛውንም ቁልፍ ብትገጥሚ ድንጋይ ይጨርሳል፤ አንድ ቀንም ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

ከሜሪላንድ

ጋሼ ትክክል ነዎት፤ በሩን አላሰብኩትም ነበር። በዚህ ላይ ሬዲዮውም አይገጥምም፦ የአሜሪካው ዚ-ዌቭ በ908.42 ሜጋኸርዝ፣ የአውሮፓው በ868.42 ነው የሚሠራው። ቁልፉና ዶንግሉ ከአንድ አካባቢ ካልሆኑ አይሰማሙም። ሐሳቤን አንሥቻለሁ።

ከሽቱትጋርት

እዚህ ብዙ ሰው ሲሊንደሩን ሳይነካ ከውስጥ በኩል ቁልፉን የሚያዞር ሞተር ይለጥፋል፤ የኦስትሪያው ኑኪ አንዱ ነው። ከውጭ ምንም ስለማይታይ ለተከራይ ምቹ ነው። ከውስጥ ቁልፍ ተሰክቶ ሳለ ከውጭም በቁልፍ የሚከፈት ሲሊንደር መሆን እንዳለበት ግን አትርሺ፤ አለበለዚያ ሞተሩ የቆመ ቀን ከውጭ ያለው ሰው ቁልፍ ይዞ ደጅ ይቀራል።

ስለ እናትሽ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የአረጋውያን የጣት ቆዳ ስለሚደርቅና መስመሩ ስለሚሳሳ አሻራ ማንበቢያ ብዙ ጊዜ ይስታቸዋል። አንዱን ጣት ሦስት ጊዜ እንደ ሦስት ሰው አድርገሽ መዝግቢው፤ ከሌላው እጇም አንድ ጣት ጨምሪ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ካርዱ ነው። እናቴ የእሷን በክር አድርጋ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች፤ አሻራውን ትታዋለች። ካርድ ደግሞ መብራት ኖረ አልኖረ አይገደውም፤ ቁልፉ በራሱ ባትሪ ነው የሚያነበው።

የልደታዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጋሼ እንዳሉት በሩን ሞከርኩት፤ ሲዘጋ በእርግጥ ያቃስታል። ማጠፊያውን የሰፈር ባለሙያ አስተካከለልኝ። የካርዱን ነገር ዛሬውኑ አደረግሁት፤ እናቴ ከነጠላዋ ጋር አሥራዋለች፣ ደስ ብሏታል። የዋይፋዩን ቁልፍ ለአንድ ቁልፍ ሻጭ ሰጥቼ፣ የተወሰነ ገንዘብ ጨምሬ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ የዚግቢ ቁልፍ አገኘሁ። ዶንግልም ገዛሁ።

አሁን ግን ሌላ ችግር መጣ። ቁልፉን ከዶንግሉ ጋር ማጣመር ስጀምር ይገኛል፤ ግማሽ ላይ ይቋረጣል። አምስት ጊዜ ሞከርኩ። ዶንግሉ ፓይ ላይ ሰማያዊው ዩኤስቢ ውስጥ ነው የተሰካው።

የገርጂው ቴክኒሽያን

ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ነው። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ ዚግቢ በሚጠቀምበት በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጩኸት ይረጫል፤ ዶንግሉ አጠገቡ ሲሆን ደካማውን የቁልፍ ድምፅ አይሰማም። ጥቁሩ ዩኤስቢ 2 ላይ ስኪው፤ ግን በቀጥታ ሳይሆን በአንድ ሜትር ማራዘሚያ ገመድ ከፓይና ከራውተሩ አርቀሽ። ብዙ ሰው ዶንግሉ ተበላሽቷል ብሎ የሚጥለው ይህን ርካሽ ገመድ ባለመግዛቱ ነው።

ራውተርሽን በዋይፋይ ቻናል 1 አቁሚው፤ ዚግቢውን በ25። እንዲያ ሲሆን አይጋፉም። ይህን ግን ሌሎች ዕቃዎች ከማጣመርሽ በፊት አድርጊው፤ ኋላ ላይ ቻናል ስትቀይሪ አንዳንዶቹ እንደ አዲስ መጣመር ይፈልጋሉ። ስታጣምሪም ዶንግሉን ወደ በሩ አቅርቢው። የላሜራ በር ሬዲዮ ይጋርዳል፤ የቁልፉ አንቴና በውስጠኛው ክፍል በኩል መሆኑን እዪ።

የልደታዋ

በመጀመሪያው ሙከራ ተጣመረ! ከሥራ ቦታዬ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ እናቴ በስልክ «ተከፈተ»፣ «ተዘጋ» እያለች ነገረችኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ስልኬ ቤት አካባቢ ሲደርስ በሩ በራሱ እንዲከፈት ማድረግ እችላለሁ?

ከሜሪላንድ

አታድርጊው፤ እኔ አድርጌ አይቼዋለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተኝቼ ሳለሁ ስልኬ ያለበትን ቦታ ስቶ ከቤት የወጣሁ መሰለው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ተመለሰ» አለና በሩን ከፈተው። ልጆቼ ታችኛው ፎቅ ተኝተው ነበር። መክፈቻው ሲጮህ ነቅቼ ባልወርድ ኖሮ እስኪነጋ ክፍት ያድር ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ቤቴ በራሱ ይዘጋል እንጂ በራሱ አይከፍትም።

የገርጂው ቴክኒሽያን

በሩ ሳታስቢው የሚከፈትበት ሌላም መንገድ አለ። ፓይው እንደገና ሲነሣ የስልክሽ ሁኔታ ከ«አይገኝም» ወደ «ቤት ነው» ይሸጋገራል፤ በጥንቃቄ ያልተጻፈ ትእዛዝ ይህን እንደ መምጣት ቆጥሮ በሩን ይከፍታል። መብራት በመጣ ቁጥር በርሽ ይከፈታል ማለት ነው።

በራሱ መዝጋት ግን ጥሩ ነው፤ የበር ሴንሰር ጨምሪበት። በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ መቀርቀሪያው ከወጣ ክፈፉን ይመታል። ትእዛዙ «ሴንሰሩ ዝግ ካለ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ቆልፍ» ይሁን። ከውጭ ሆነሽ ለመግባትም ራውተርሽ ላይ የሆም አሲስታንት መግቢያ የሆነውን ፖርት 8123ን ለኢንተርኔት አትክፈቺ፤ እንደ ዋየርጋርድ ባለ የግል መስመር ግቢ። በዚህ ሥርዓት ላይ አሁን የበርሽ ቁልፍ አለ፤ የይለፍ ቃሉን እንደ መብራት ማጥፊያ አትቁጠሪው።

የልደታዋ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ሁለት ነገር ገጥሞኝ ተመልሻለሁ። ቆጣሪውን አጥፍቼ ሞከርኩ፤ ፓይና ራውተሩ አሁን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ላይ ስለሆኑ ቀጠሉ፤ ቁልፉ ግን ጠፋ። ሁለተኛው፣ ቤት የምታግዘን ልጅ የምትገባበት ቁጥር ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ አድርጌ ነበር። ጠዋት ገባች፤ ከገበያ በስድስት ሰዓት ስትመለስ ከለከላት።

የገርጂው ቴክኒሽያን

የመጀመሪያው፦ ኮሪደሩ ላይ የዚግቢ ስማርት ሶኬት አለሽ አይደል? ግድግዳ ላይ የተሰኩ የዚግቢ ዕቃዎች የሌሎችን መልእክት ያቀብላሉ፤ ቁልፍሽ በእሱ በኩል ነበር የሚነጋገረው። መብራት ሲጠፋ አቀባዩም ጠፋ። ሶኬቱን ከዩፒኤሱ ጋር አገናኚው፤ ወይም ዶንግሉን ወደ በሩ አቅርበሽ ቁልፉን እንደገና አጣምሪው፤ በቀጥታ እንዲነጋገሩ።

ሁለተኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው። 02:00 እና 11:00 ብለሽ ጽፈሻል። ለማሽኑ 02:00 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ 11:00 ደግሞ ከረፋዱ 5። ቁጥሩ ሌሊት ሲሠራ ነበር ማለት ነው፤ ዛሬውኑ 08:00 እና 17:00 አድርጊው። የሰዓት ክልሉም አዲስ አበባ መሆኑን እዪ። ፓይ 4 ደግሞ ሲጠፋ የሚቆጥር የራሱ ሰዓት የለውም፤ ዩፒኤሱ አልቆ ከጠፋና ያለ ኢንተርኔት ከተነሣ የቆየ ሰዓት ይዞ ይነሣል። በሰዓት የሚሠራ ትእዛዝ ሁሉ ያኔ ይሳሳታል።

ቁልፍ ሠሪው

ልጄ፣ ከቁልፉ ጋር የመጡት የብረት ቁልፎች የት ናቸው?

የልደታዋ

ጋሼ፣ ሁለቱም መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

ቁልፍ ሠሪው

አንዱን ዛሬ ማታ ለምታምኛት ጎረቤት ስጪ። ሌላውን ቢሮሽ አስቀምጪ። ከውጭ በኩል፣ ከቁጥር ሰሌዳው በታች፣ ሁለት ትንንሽ ነጥቦች አሉ ወይስ የስልክ ቻርጀር የሚገባበት ቀዳዳ? ነጥቦች ከሆኑ አራት ማዕዘኑን የ9 ቮልት ባትሪ ስታስነኪባቸው ቁልፉ ይነሣል፤ እሱንም ለጎረቤትሽ አብረሽ ስጪያት። ድንጋዩን ደግሞ አልካላይን አድርጊ፤ ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ቮልት ስለሆነ ቁልፉ መጠኑን አስተካክሎ አያነበውም፤ ደህና ነኝ ሲልሽ ቆይቶ በድንገት ይሞታል።

የልደታዋ

የቻርጀር ቀዳዳ ነው ያለው ጋሼ፤ በፓወር ባንክ ሞከርኩት፣ ሰሌዳው በራ። ቁልፉን ለጎረቤታችን ልሰጥ እየወረድኩ ነው።