የወር ሪፖርት 40 ሰከንድ ይፈጅብኛል፤ ፖስትግሬስን ለማፍጠን ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የሽያጭ ፕሮግራሙን የምጽፈውም የምጠብቀውም እኔ ብቻ ነኝ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ሲሆን፣ የሽያጭ ዝርዝር ሰንጠረዡ አሁን 2.4 ሚሊዮን ረድፍ ደርሷል። ሒሳብ ክፍሉ በየወሩ የሚያወጣው የደንበኞች ሪፖርት ቀድሞ ወዲያው ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ግን 40 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። የሰርቨሩን ሜሞሪ ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ብናሳድግም ለውጥ አላየንም። ዳታቤዝ የሚጠየቅበትን ቋንቋ ኤስኪውኤልን የተማርኩት በሥራ ላይ ስለሆነ መረጃ ማውጣት እችላለሁ እንጂ አንድ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ለምን እንደሚዘገይ መመርመር አልችልም። ችግሩን ከመፍታት ባሻገር ሙያውን በወጉ መማር እፈልጋለሁና የምታውቁ ብትረዱኝ።

መልስ 1፦
ማንኛውንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት ጊዜው የት እንደሚጠፋ ይለኩ። ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ የተባለውን ተጨማሪ ቢያበሩ፣ እያንዳንዱ ኩዌሪ ስንት ጊዜ እንደተጠራና በአማካይ ምን ያህል እንደፈጀ ያሳይዎታል፤ ለማብራት ሰርቨሩን አንድ ጊዜ እንደገና ማስነሳት ያስፈልጋል። ከዚያም ከባዱን ኩዌሪ ኤክስፕሌይን አናላይዝ በሚለው ትእዛዝ አስቀድመው ያስኪዱትና የአፈጻጸም ዕቅዱን፣ ማለት ዳታቤዙ መልሱን ያገኘበትን የሥራ ቅደም ተከተል፣ እዚህ ያምጡልን። ይህ ትእዛዝ ኩዌሪውን በእውነት እንደሚፈጽመው አይዘንጉ፤ መረጃ የሚቀይር (አፕዴት) ወይም የሚሰርዝ (ዲሊት) ከሆነ በትራንዛክሽን (አብረው በሚጸድቁ ወይም አብረው በሚሰረዙ ትእዛዞች ጥቅል) ውስጥ አስገብተው በመጨረሻ ሮልባክ ያድርጉት፣ ማለት ወደ ነበረበት ይመልሱት።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። አንድ ከባድ ኩዌሪ አገኛለሁ ብዬ ስጠብቅ ያገኘሁት 80 ጊዜ የተጠራ ኩዌሪ ነው። ፕሮግራሙ የደንበኞችን ዝርዝር ካመጣ በኋላ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለብቻው ዳታቤዙን ይጠይቃል፤ እያንዳንዱም ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ዕቅዱ በሽያጭ ዝርዝሩ ላይ ሴኩዌንሻል ስካን ይላል፤ 2.4 ሚሊዮኑ ረድፍ ሁሉ ተነብቦ በመጨረሻ የሚወጣው 310 ብቻ ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር እንደ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ «15/03/2016» ተብሎ ስለተቀመጠ፣ የመጨረሻዎቹን ሰባት ምልክቶች ቆርጬ «03/2016» ከሚለው ጋር አስተያያለሁ።

መልስ 2፦
ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛው፣ ዝርዝሩን ከሽያጩ ጋር የሚያያይዘው ዓምድ ኢንዴክስ፣ ማለት ሁሉን ሳያነቡ የተፈለገውን ረድፍ የሚያገኙበት ማውጫ፣ ያለው አይመስለኝም። ሌላው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል፣ ኢኖዲቢ በሚባለው የማከማቻ ዓይነቱ ባሉ ሰንጠረዦች ላይ ፎሪን ኪ (አንዱን ሰንጠረዥ ከሌላው የሚያያይዝ ቁልፍ) ሲፈጠር ኢንዴክሱንም አብሮ ይሠራል፤ ፖስትግሬስ ግን ይህን አያደርግም፤ ከማይኤስኪውኤል የመጣን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢንዴክሱን ኮንከረንትሊ በሚለው ቃል ቢፈጥሩት ሻጮቹ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ይሠራል፤ በትራንዛክሽን ውስጥ ግን አይሄድም።

ሁለተኛውና የሚከብደው የቀኑ ጉዳይ ነው። ዓምዱን በፈንክሽን ከቆረጡት በዓምዱ ላይ ያለው ተራ ኢንዴክስ አያገለግልም፤ ቀንን በመጀመሪያ የሚያስቀድም ጽሑፍም በጊዜ ቅደም ተከተል አይደረደርም። በሌላ በኩል የእኛን ቀን እንዳለ ዴት በሚባለው፣ የፈረንጁን ቀን ብቻ በሚያውቀው የመረጃ ዓይነት ለማስቀመጥ ቢሞክሩ፣ ጥቅምት 30 «ፌብሩዋሪ 30» ይሆንብዎታል፣ ጳጉሜንም አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነ አይቀበልዎትም። ስለዚህ በዳታቤዙ ውስጥ የፈረንጁን ቀን በዴት ዓይነት ያስቀምጡ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለውጠው ለተጠቃሚው የሚያሳየው ክፍል ይሁን። ኅዳር 2016 ሲፈለግ ኩዌሪው ከኖቬምበር 11 ቀን 2023 ጀምሮ ከዲሴምበር 11 በፊት ያለውን ይጠይቃል፤ በዚያ ዓምድ ላይ ያለው ኢንዴክስም ያን ጊዜ ይሠራል።

መልስ 3፦
ኢንዴክሱ ቢስተካከልም 80 ጊዜ መመላለሱ አግባብ አይደለም፤ ደንበኞቹ 800 ሲሆኑ ችግሩ ይመለሳል። ሰንጠረዦቹን በጆይን አያይዘው በግሩፕ ባይ በየደንበኛው ይመድቡና ሪፖርቱን በአንድ ኩዌሪ ያውጡት።

ጠያቂ፦
ኢንዴክሱን ብቻ ስጨምር እያንዳንዱ ኩዌሪ ወደ 4 ሚሊሰከንድ ወረደ፤ የቀኑን ዓምድ ለውጬ በአንድ ኩዌሪ ስጽፈው ደግሞ ሪፖርቱ ቁልፉ እንደተነካ ይወጣል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የደንበኛ ስም ሲፈለግ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው «ሃይሉ» ተብሎ ሲጻፍ አይገኝም፤ አማራጮቹን ሁሉ በኦር («ወይም») ስደረድር ደግሞ ይዘገያል።

መልስ 4፦
ይህ እኔም ዘንድ የደረሰ ነው። ትራንስሌት በሚባለው ፈንክሽን ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው ይመልሱ፤ ሃንም ወደ ሀ፣ ኣንም ወደ አ መመለስ አይርሱ። ፈንክሽኑ ለአንድ ግብዓት ሁልጊዜ አንድ ውጤት ስለሚሰጥ ኢንዴክሱን በቀጥታ በእርሱ ላይ መሥራት ይቻላል። ተጠቃሚው የጻፈውን ስም በዚያው መንገድ አሳልፈው ያወዳድሩ። ላይክ በሚለው ማመሳሰያ በስሙ መነሻ የሚፈልጉ ከሆነ ኢንዴክሱን ቴክስት ፓተርን ኦፕስ በሚለው አማራጭ ይፍጠሩት። የተመዘገበውን ስም ግን አይንኩት፤ ሰው ስሙን እንደጻፈው በደረሰኙ ላይ ሊያየው ይገባል።

መልስ 1፦
ስለ መማሩ ጠይቀው ነበር። ጄኔሬት ሲሪስ በሚባለው ፈንክሽን አንድ ሚሊዮን ረድፍ ያለው የልምምድ ሰንጠረዥ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ይፍጠሩ፤ አንድ ኩዌሪ በሦስት ዓይነት መንገድ ጽፈው ዕቅዶቹን ጎን ለጎን ያንብቡ። በተለይ ዕቅዱ የገመተውን የረድፍ ብዛትና በእውነት የወጣውን ያስተያዩ፤ ልዩነቱ በጣም ከሰፋ አናላይዝ በሚለው ትእዛዝ ዳታቤዙ ለግምቱ የሚጠቀምበትን ስታቲስቲክስ አድሰው እንደገና ይሞክሩ። የፖስትግሬስ መመሪያም በነጻ የሚገኝ ነው፤ ስለ ፍጥነት የሚናገረውን 14ኛውን ምዕራፍ እያንዳንዱን ምሳሌ በእጅዎ እየሠሩ ያንብቡት። ያልገባዎትን ዕቅድ እዚህ ያምጡት፤ አብረን እናየዋለን።