«አልጎረመሰም» የተባለ ልጅ፦ መርፌ ከመጻፋችን በፊት ምን እንለካ?

ጥያቄ (ጤና መኮንን፣ ከጎንደር ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ)
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አባት «15 ሞልቶታል፤ እኩዮቹ ድምፃቸው ጎርንኖ ይሄ እንደ ሕፃን ቀረ» ብሎ ልጁን አምጥቷል። ቁመቱ 148 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 36 ኪሎ ነው። ጢምም የብብት ፀጉርም የለውም፤ ብልቱ አካባቢ ስስ ፀጉር ብቅ ብሏል። አባትየው የሆርሞን መርፌ ይጻፍልኝ ይላል። ሪፈር ልጻፍ ወይስ እዚሁ የምሠራው አለ?

መልስ (የሕፃናት ሐኪም፣ ጎንደር)
ወንድሜ፣ ዋናው ነገር ቀርቷል፤ የዘር ፍሬው መጠን። የወንድ ልጅ ጉርምስና የሚጀምረው በጢም ወይም በድምፅ ሳይሆን በዘር ፍሬ ማደግ ነው። ድምፅ የሚጎረንነው ከመሐል በኋላ ነው፤ ጢም ደግሞ ወደ መጨረሻው። ፍሬው 4 ሚሊ ሊትር፣ ወይም ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከሞላ ተጀምሯል። 14 ዓመት ሞልቶት እዚያ ካልደረሰ ነው ዘገየ የምንለው። ፀጉሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ በሚያመነጨው ሆርሞንም ይበቅላልና።

የፍሬን መጠን በማነጻጸር የሚለካበት ዶቃ ከሌለህ ማስመሪያ ይበቃል። ለልጁ ምን እንደምታደርግ አስረዳውና ፈቃዱን ጠይቅ። አስተኛው፣ እጅህን አሙቅ፤ በጠዋት ብርድ ፍሬው ወደ ላይ ስለሚሸሽ «አልወረደም» ብለህ ልትሳሳት ትችላለህ። ቆዳውን በቀስታ ወጥረህ፣ ከኋላ የተለጠፈውን ኤፒዲዲሚስ ሳትጨምር ለካ። ርዝመት × ወርድ × ወርድ × 0.52 ብታሰላ መጠኑን በሚሊ ሊትር ታገኛለህ።

መልስ (ነርስ፣ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል)
ዕድሜውንም አጣሩ እንጂ። ገጠር ላይ «15» የሚባለው ብዙ ጊዜ ግምት ነው። እናቱን ክርስትና የተነሣበትን ቀን ጠይቋት፤ ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚነሡ ወደ ኋላ ቆጥሮ የልደቱን ቀን ማግኘት ይቻላል። የክትባት ካርድ ካለም ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ልብ በሉ። የፈረንጁና የእኛ ከተደባለቁ 7 ወይም 8 ዓመት ይዛነፋል።

መልስ (የሕፃናት ሆርሞን ሕክምና ላይ የምትሠራ ሐኪም)
እውነትም 14 አልፎት ፍሬው ካላደገ፣ በወንዶች ላይ በብዛት የሚገኘው ምክንያት በቤተሰብ የሚወረስ መዘግየት ነው። አባትየው መቼ እንደጎረመሱ፣ እናትየው የወር አበባ መቼ እንዳዩ ጠይቅ። ይህን ከመደምደምህ በፊት ግን የተደበቀ ሕመም ፈልግ፦ የምግብ እጥረት፣ ኤችአይቪ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የታይሮይድ ማነስ። ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ የነበረ ልጅ ትኩሳት ካለውና ጣፊያው ካበጠ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛርም ይታሰብ።

ማሽተት መቻሉን መመርመር ገንዘብ አይጠይቅም። ዓይኑን ጨፍኖ የተቆላ ቡና አሽትተው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሽታ የማያውቅ ከሆነ ጉርምስናን የሚያስነሣው የአንጎል ትእዛዝ ከመነሻው የጎደለ ሊሆን ይችላል። ቁመቱ ረዝሞ ፍሬው ትንሽና ጠጣር ከሆነ ደግሞ ክላይንፌልተር (ወንድ ልጅ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞሶም ይዞ የሚወለድበት ሁኔታ) ይጠርጠር። ሆስፒታል ሲደርስ የግራ እጁ ራጅ ለአጥንት ዕድሜ፣ እንዲሁም የጠዋት ደም ምርመራ ይሠራለታል፦ ከአንጎል ሥር ካለው ዕጢ ወጥተው ፍሬውን የሚያዙት ኤልኤችና ኤፍኤስኤች፣ ፍሬው የሚያመነጨው ቴስቶስትሮንም። ኤፍኤስኤች ከፍ ካለ ችግሩ ፍሬው ላይ ነው። ራስ ምታትና የዕይታ መቀነስ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ላከው።

ስለ መርፌው አደራ እላለሁ። ለዘገየ ልጅ የሚታዘዘው ቴስቶስትሮን 50 ሚሊ ግራም በወር አንዴ፣ ከ3 እስከ 6 ወር ነው። አምፑሉ 250 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ከሆነ 0.2 ሚሊ ሊትር ብቻ ማለት ነው። አምፑሉን ሙሉውን እየደጋገሙ የወጉት ልጅ ጢም ያወጣል፣ የአጥንቱ ጫፍ ግን ያለ ጊዜው ይዘጋና አጭር ሆኖ ይቀራል።

ጠያቂው
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁት፦ ርዝመቱ 2.7፣ ወርዱ 1.8፤ ወደ 4.5 ሚሊ ሊትር ይመጣል። እናቱ ክርስትናውን ግንቦት 21 ቀን 2004 አለች። ልደቱ ሚያዝያ 11 አካባቢ ይውላል፤ ዛሬ ታኅሣሥ 2018 ላይ 13 ዓመት ከ8 ወር ነው። ቡናውን ወዲያው ለይቷል። ቁመቱን በዕድገት ሰንጠረዡ ላይ በ15 ዓመት ስነጥበው ከማይነስ 2 መስመር (ለዕድሜው አጭር ከሚባልበት ወሰን) በታች ነበር፤ በትክክለኛ ዕድሜው ከመስመሩ በላይ ወጣ። አባቱ ራሱ ወደ 17 ሲጠጋ ነው ድምፁ የጎረነነው።

መልስ (የሕፃናት ሐኪም፣ ጎንደር)
እንግዲያው ተጀምሯል፤ ሪፈርም መርፌም አያስፈልገውም። ፈጣኑ የቁመት ዕድገት የሚመጣው ፍሬው 10 እስከ 12 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ስለሆነ አባትየው ገና ይታገሡ። ጡቱ ሥር ትንሽ እብጠት ቢወጣም አትደንግጡ፤ በብዙ ጎረምሶች ላይ ታይቶ በአንድ ሁለት ዓመት ይጠፋል። የኤችአይቪ መድኃኒቱን ኤፋቪረንዝ ወይም የፈንገስ መድኃኒቱን ኬቶኮናዞል የሚወስድ ከሆነ ግን መድኃኒቱን ተጠራጠር።

ጥያቄ (ነርስ)
ዶክተር፣ በዚሁ፦ የ7 ዓመት ልጅ ጡቷ ጉች ጉች ብሎ መጥታለች። ወፍራም ናት።

መልስ (የሆርሞን ሕክምናዋ ሐኪም)
አስተኚያትና በጣትሽ ዳስሺ። ስብ ይለሰልሳል፤ እውነተኛ ጡት ከሆነ ከጫፉ ሥር እንደ ቁልፍ ጠንከር ያለ ነገር ይገኛል። ሴት ከ8፣ ወንድ ከ9 ዓመት በፊት ከጀመሩ ቀድሟል። በዓመት ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ እያደገች ከሆነ፣ ወይም ደም ካየች፣ ሳትዘገዪ ላኪያት። ከ6 ዓመት በታች ያለች ሴት ልጅና ቀድሞ የጀመረ ወንድ ሁሉ የአንጎል ኤምአርአይ ሊታሰብላቸው ይገባል። ለእናቷም በግልጽ ንገሪያት፤ አካሏ ቢቀድምም ልጅቷ 7 ዓመቷ ነው። «ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች» የሚል ሰው እንዳይጠጋት ይጠብቋት። የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ነው።

መልስ (የሕፃናት ሐኪም፣ ጎንደር)
ለመጀመሪያው ጠያቂ አንድ ነገር ልጨምር። ልጁን ሰኔ ላይ ቅጠረው፤ ባዶ እግሩን፣ በዚያው የቁመት መለኪያ፣ የሚቻል ከሆነ ራስህ ለካው። በ6 ወር የምትጠብቀው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መለኪያው ተቀይሮ 1 ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ ማደጉን አለማደጉን መለየት ያቅትሃል።