ብድር የከለከለኝ «ሲስተሙ» ነው ተባልኩ፣ አቤት የሚባለው ለማን ነው?

ባለሱቁ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በስልክ የሚሰጠውን ብድር ጠይቄ «አልተፈቀደም» አለኝ፣ በቃ ሌላ ነገር የለውም። ቅርንጫፍ ሄድኩ፣ ልጅቷ በትህትና ነው ያናገረችኝ ግን «እኛ አናየውም፣ ሲስተሙ ነው የሚወስነው» አለችኝ። ትንሽ ሱቅ አለኝ፣ ሂሳቤ ይንቀሳቀሳል፣ የማንም ዕዳ የለብኝም። የግድ ስጡኝ አይደለም የምለው፣ ግን ምን አይቶ እንደከለከለኝ የሚነግረኝ ሰው መኖር የለበትም ወይ?

ዳዊት_ሜክሲኮ፦
ወንድሜ እኔ ሲስተሙ ቢወስንልኝ እመርጣለሁ። ዋስ አምጣ፣ ቤት አስይዝ፣ ነገ ተመለስ እያሉኝ ስንት ተመላልሻለሁ መሰለህ፣ ዘመድ ያለው ግን ከኋላዬ መጥቶ ጨርሶ ይሄዳል። ስልኩ የማን ልጅ ነህ አይልም።

ሄለን፦
ዳዊት፣ የማን ልጅ ነህ እንደማይል በምን አወቅህ? ውስጡ የገባውን ዳታ አይተኸዋል? የሐምሌ 2014ቱን የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣ አስታውስ እስቲ፣ ከ25 ሺህ በላይ ቤት በኮምፒውተር ወጣ፣ ሰው እልል አለ፣ ከዛ በቀናት ውስጥ ከተማ አስተዳደሩ ራሱ ሰረዘው፣ ለካ ያልቆጠቡ ሰዎች ዳታው ውስጥ ገብተው ኖሯል። ያ እንኳን የተጋለጠው የቆጣቢዎቹ መረጃ ባንክ ውስጥ ስላለ ማመሳከር ተችሎ ነው። የባለሱቁን ብድር ከምን ጋር ነው የምናመሳክረው? ሰውየው የተለካበትን እንኳ አያውቅም። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ከፍራንክፈርት፦
እዚህ ጀርመን ሹፋ የሚባል ድርጅት አለ፣ ዕዳውን ይከፍላል አይከፍልም የሚል ነጥብ ለሰው ሁሉ ይሰጣል፣ ቤት ስትከራይ ሳይቀር ይጠየቃል። አንድ ብድር የተከለከለ ሰው ነጥቤን እንዴት እንዳሰላችሁት አሳዩኝ ቢል የንግድ ሚስጥር ነው አሉት። ሹፋ «እኛ ነጥብ ብቻ ነው የምንሰጠው፣ የሚወስነው ባንኩ ነው» ይላል፣ ባንኩ ደግሞ ነጥቡን አይቶ ነው፣ እና ተጠያቂው ማነው? ጉዳዩ የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ዲሴምበር 2023 ላይ ተፈረደ፣ ባንኩ በዋናነት በነጥቡ ላይ ተደግፎ ከወሰነ ነጥቡ ራሱ እንደ ውሳኔ ይቆጠራል ተባለ። በዚህ አገር ህግ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲሰጥብህ ሰው ገብቶ ይይልኝ ማለትና መቃወም ትችላለህ። ባለሱቁ፣ በቃል አትመላለስ፣ ምክንያቱን በጽሁፍ ጠይቃቸው።

ባለሱቁ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን ዛሬ እጽፋለሁ። ለቅርንጫፉ ይሁን ለዋናው መስሪያ ቤት?

ሄለን፦
ለዋናው፣ ግልባጭ ለብሔራዊ ባንክ። የገባበትን ቀን በቅጂህ ላይ አስፈርም።